አባ ጅፋርን የጨበጠው አጎቴ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መረጥኩ። ሦስቱም ከጅማ ናቸው፤ ሦስቱም ስለ ውሸት ናቸው። ተማክረው የጻፉ ይመስላሉ። እኔም እዚያው ጅማ ተወልጄ ያደግሁ፣ ዕድሜዬን በአእምሮ ሕክምና ነርስነት የጨረስኩ ሰው ነኝና ነገሩ ቤቴ ድረስ መጣ ማለት ነው። የመጀመሪያዋ ላይ ረዘም አድርጌ ብቆይ አትቀየሙኝ።

*

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው መንደራ ቆጪ ነው። ባለቤቴ ለአንድ ቡና አቅራቢ ይሠራል። አጋሮና ሊሙ ሲመላለስ ነው የሚውለው። ታታሪ ነው፣ አይጠጣም፣ ልጆቹን ይወዳል። ግን ይዋሻል እትዬ። በቃ ይዋሻል። ለምንም ለማይጠቅም ነገር ይዋሻል። ሽሮ በልቶ ክትፎ በላሁ ይላል። ኩባ ተምሬያለሁ ይላል፤ የእኛ አገር ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ መሄድ ሲጀምሩ እሱ አልተወለደም። ከሊሙ ስመለስ ነብር መኪናው ኮፈን ላይ ወጣብኝና በክላክስ አባረርኩት ይላል።

ስንጋባ ያስቀኝ ነበር። አሁን ሰው ፊት አፉን ሲከፍት ሆዴ ይገለበጣል። ባለፈው ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ «እናታችን የመጨረሻ ቃላቸውን የነገሩት ለእኔ ነው፤ ልጄን አደራ ብለውኛል» አለ። የሟች ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። እሱን አይደለም፣ እኔን ነው ያየችው። እናቷ ባረፉበት ሌሊት እሱ አጠገቤ ተኝቶ ሲያንኮራፋ ነው ያደረው። ዝም አልኩ። ዝም ስል ያረጋገጥኩለት መሰለኝ።

አሁን ደግሞ ብር ውስጥ ገባ። እቁብ ወጣልኝና 60 ሺህ ብር ባንክ አስገባልኝ ብዬ ሰጠሁት። አስገባሁ አለ። ሰልፉ ላይ ስንት ሰው እንደነበረ፣ የባንኳ ልጅ ምን ብላ እንደሳቀች ሁሉ ነገረኝ። የትምህርት ቤት ክፍያ ላወጣ ስሄድ ያለው 20 ሺህ ነው። ስጠይቀው «ሲስተም ነው» አለኝ።

ትልቁ ልጄ 8 ዓመቱ ነው። የነብሩን ወሬ ለአስተማሪው አውርቶ፣ እኔም መኪናው ውስጥ ነበርኩ ብሏታል። ጓደኞቼ «ማን የማይዋሽ አለ» ይሉኛል። ውሸታም ዓይን አያይም ይባላል፤ የእኔ ግን ዓይን ዓይኔን እያየ ነው። በሽታ ነው? ሰው ፊት ላጋልጠው? ወይስ ልተወው?

ዝም ያልኩት፣ ከመንደራ ቆጪ

*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ለዚያች ለቅሶ ቤት ስል ነው። ልጅቷ እሱን ትታ አንቺን ማየቷ ሁሉንም ነገር ይናገራል። ግን መጀመሪያ ስለ አጎቴ ልንገርሽ።

አጎቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቡና ጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ኖሮ ረዳት ሆኖ ያረጀ ሰው ነበር። በወሬው ግን ሹፌር ነው። ያውም እንዴት ያለ ሹፌር! ጊቤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የበጠሰ ኤንትሬ በግራ እጁ መሪ ይዞ፣ በቀኝ እጁ በር ከፍቶ፣ ወርዶ ጎማ ሥር ድንጋይ አስገብቶ፣ ተመልሶ የሚገባ ሹፌር። «መሪውን ማን ይዞልዎት ነው የወረዱት?» የሚለው ሰው አልነበረም። ምክንያቱም ይጥማል። እጁ ሲንቀሳቀስ መኪናውን ታዪዋለሽ፤ የተቃጠለው ፍሬን ይሸትሻል።

የወሬዎቹ ሁሉ አውራ ግን አባ ጅፋር ነበሩ። አጎቴ በልጅነቱ ጅሬን ግቢ ወጥቶ አባ ጅፋርን በእጁ ጨብጧል። መዳፋቸው ምጣድ ያክላል። ጅማ ውስጥ ስለ አባ ጅፋር ርዝመት የማያወራ ሰው የለም፤ አጎቴ ጋ ግን በየዓመቱ ይጨምሩ ነበር። አንደኛ ክፍል ሳለሁ ሁለት ሜትር ነበሩ። ሰባተኛ ክፍል ስደርስ በቅሎ ላይ ተቀምጠው እግራቸው መሬት ይነካል።

አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ አባ ጅፋር ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1932 እንደሆነ አወቅሁ። አያቴ ደግሞ «ጣሊያን ጅማ ሲገባ ይሄ ልጅ ሆዴ ውስጥ ነበር» ማለት ትወድ ነበር። ጣሊያን የገባው በ1936 ነው። ቀነስኩ። አንድ እሑድ እንግዳ ቤቱን ሞልቶታል፤ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ነው፤ አጎቴ ምጣዱ ላይ ደርሷል። ያኔ፣ «ጋሼ፣ አባ ጅፋር ሲሞቱ እርስዎ እኮ አልተወለዱም» አልኩት። ከነዓመተ ምሕረቱ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አጎቴ አልሳቀም። ሲኒውን ቀስ ብሎ አዞረው፤ አተላውን አየ። ከዚያ ምን አለ መሰለሽ? «እሱማ ልክ ነሽ። የጨበጣቸው አባቴ ነው። እኔ አባቴ ክንድ ላይ ነበርኩ።»

ያልተወለደ ልጅ አባቱ ክንድ ላይ!

ከዚያ ቀን በኋላ እኛ ቤት ቡና መጠጣት ተወ። ወሬውን ግን አልተወም። ጎረቤት ሄዶ ቀጠለ፤ እዚያ ደግሞ አባ ጅፋር ባለሦስት እግር በርጩማ ሸልመውታል አሉ። ያን ዕለት ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ያገኘሁት ነገር ቢኖር የበለጠ ትልቅ ውሸትና ባዶ ወንበር ነው። ስለዚህ «ሰው ፊት ላጋልጠው?» ላልሽው መልሴ አይሆንም ነው። ጨዋነት አይደለም የሚያስብለኝ። አይሠራም። ሰው ፊት የተያዘ ሰው ያለው አማራጭ ወሬውን ማሳደግ ወይም ካንቺ መሸሽ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ባል። የእሱ ወሬ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንድ ጆንያ ውስጥ አትክተቺው። ክትፎው፣ ኩባው፣ ነብሩ ቀደዳ ነው። የሚፈልገው ዓይን ነው፤ ሰው አፉን ከፍቶ እንዲያየው ነው። (በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ይሄን ያውቀዋል። በምርቃና የተሠራ ፎቅ ጠዋት አይገኝም፤ የሚፈልገውም የለም።) የእቁቡ ብር ግን ቅጥፈት ነው። እሱ ዓይን አይፈልግም፤ እንዲያውም እንዳታዪ ነው የሚፈልገው። የባንኳ ልጅ ሳቅ፣ የሰልፉ ርዝመት፣ ያ ሁሉ ጌጥ ከቀደዳው ቤት የመጣ ዕቃ ነው። በነብር የሠለጠነ ምላስ ለባንክ ሲቸግረው አላየሁም።

ይሄን ስል ከሜዳ ተነስቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን ውስጥ ተመራማሪዎች ሰዎች ለራሳቸው ጥቅም ደጋግመው ሲዋሹ አንጎላቸው ምን እንደሚሆን በማሽን አይተው ነበር። አሚግዳላ የምትባል ክፍል አለች፤ ስሜትን፣ በተለይ ፍርሃትን የምታስተናግድ። መጀመሪያ ላይ ሲዋሹ በደንብ ትነቃለች። ሲደጋግሙ መንቃቷ እየቀነሰ ሄደ፤ ውሸቱ ደግሞ እየተለቀ። ሰው ይለምዳል ማለት ነው። ጫማ እንደሚለመደው።

በሽታ ነው ወይ ላልሽው። አንቶን ዴልብሩክ የሚባል የሥነ አእምሮ ሐኪም ከመቶ ዓመት በላይ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1891፣ ያለ ግልጽ ጥቅም እያስዋቡ የሚዋሹ ሕመምተኞችን አጥንቶ ነገሩን ፕሴዶሎጂያ ፋንታስቲካ ብሎ ጠራው። ስሙ ይከብዳል፤ ነገሩ ያው አጎቴ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ግን ሐኪሞች በሚጠቀሙበት ትልቁ የአሜሪካ የአእምሮ ሕመሞች መመሪያ ውስጥ ብቻውን እንደ አንድ ሕመም አልተመዘገበም። ከሌላ ችግር ጋር ተያይዞ የሚታይበት ጊዜ አለ። ውሸት የሚያስተው ኪኒን የለም። እሱ ራሱ ከፈለገ ከባለሙያ ጋር ተቀምጦ በመነጋገር ሊሻሻል ይችላል። «ከፈለገ» ያልኩትን ልብ በይ። አንቺ ጎትተሽ ብትወስጂው ለሐኪሙ ስለ ኩባ ያወራለታል።

«ማን የማይዋሽ አለ» ለሚሉሽ ጓደኞችሽ ደግሞ ይሄን ንገሪልኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ አንድ ጥናት 1,000 አሜሪካውያን ባለፉት 24 ሰዓታት ስንት ጊዜ እንደዋሹ ተጠየቁ። ከአሥሩ ስድስቱ ያህል አንድም አልዋሸንም አሉ። ከተነገረው ውሸት ሁሉ ግማሽ ያህሉን የተናገሩት ደግሞ ከመቶ አምስቱ ናቸው። የአሜሪካ ቁጥር ነው፤ ጅማ ላይ ልለጥፈው አልፈልግም። ግን ውሸት እኩል ተከፋፍሎ የደረሰን ዕጣ አይደለም። አንዳንዱ የመንደሩን ሁሉ ድርሻ ብቻውን ይዞታል።

ዓይኑንም ተዪው። ውሸታም ዓይን አያይም የሚባለው ራሱ ቀደዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ሰው ሌላውን በማየትና በመስማት ብቻ እውነቱን ከውሸቱ የሚለየው ከመቶ 54 ጊዜ ያህል ነው። ሳንቲም ብትወረውሪ 50 ታገኛለሽ። ስለዚህ ፊቱን ስታጠኚ አትደሪ። ደረሰኝ አጥኚ።

ብሩን እንዲህ አድርጊ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ሁለታችሁ ብቻ፣ የባንኩን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። «ለምን ዋሸኸኝ?» አትበይ። «ለምን» ማለት ለእንደዚህ ዓይነት ሰው «እስኪ ሌላ ተረት ጀምርልኝ» ማለት ነው። የምታውቂውን ብቻ ተናገሪ፤ «ባንክ ያለው 20 ሺህ ነው። 40 ሺው የት እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ።» ወዲያው አፉን ይከፍታል። ያኔ እጅሽን አንሺና «አሁን አትመልስልኝ፤ ቅዳሜ ንገረኝ» በይው።

ይሄን ሥራ ላይ ነው የተማርኩት። የለመደበት ሰው የመጀመሪያ መልሱ ሳያስበው ነው የሚወጣው። እንደ ማስነጠስ። እሱ ራሱ ሲወጣ ነው የሚሰማው። ከወጣ በኋላ ደግሞ መከላከል አለበት፤ ግንብ ይሠራበታል። የመጀመሪያውን መልስ ካልተቀበልሽው ሁለተኛው አንዳንዴ እውነት ሆኖ ይመጣል። ሁልጊዜ አይደለም። እኔ ግን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ቅዳሜ የምትሰሚው ደስ ላይልሽ ይችላል። ዕዳ ሊሆን ይችላል፣ ቤቲንግ ሊሆን ይችላል፣ ለዘመድ የተሰጠ ብር ሊሆን ይችላል። ምንም ይሁን፣ የሚቀጥለውን እቁብ ራስሽ ሄደሽ አስገቢ። የባንኩ መልእክት በአንቺ ስልክ ይምጣ። ይሄ ቅጣት አይደለምና እየተቆጣሽ አታድርጊው። ዝናብ ሲመጣ ልብስ ከገመድ እንደምታነሺው አድርጊው።

ነብሩን ለነብሩ ተዪው። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያይሽ ግን ራስሽን አትነቅንቂ። ያን ሁሉ ዓመት የደከመሽ የእሱ ወሬ አይመስለኝም፤ ምስክርነቱ ነው። አንቺ አጠገቡ በተቀመጥሽ ቁጥር ወሬው ማኅተም ያገኛል። ዓቃቤ ሕግም አትሁኚ፣ ምስክርም አትሁኚ። «እሱን እንግዲህ እሱ ያውቃል፤ እኔ አልነበርኩም» ብለሽ ተነሺና ቡናውን ቅጂ። እየሳቅሽም ማለት ትችያለሽ። በሦስተኛው በአራተኛው ጊዜ ወዳንቺ መዞራቸውን ይተዋሉ። እሱም ይገባዋል። ሲገባው ቤት መጥቶ ያኮርፋል፤ ያኩርፍ።

ለቅሶ ቤቷ ግን ሌላ ናት። እዚያ ላይ አልስቅም። ያቺ ልጅ «ልጄን አደራ» የሚለውን ቃል የእናቷ አድርጋ ይዛዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ትይዘዋለች። ለባልሽ ብቻውን ንገሪው፤ «ሄደህ ያን ሌሊት እቤት እንደነበርክ ንገራት። እስከ አርባው ጊዜ አለህ። አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ።» ይሄን ስትይው ደግሞ አድርጊው። አንዳንዶች ከፋሽ ይሉኛል፤ የሚያጽናና ውሸት ምን ይጎዳል ይላሉ። እኔ ግን የእናቴ የመጨረሻ ቃል ሲያንኮራፋ ካደረ ሰው አፍ የመጣ ቢሆን ባውቀው እመርጣለሁ።

ልጁን በተመለከተ አትደንግጪ። የስምንት ዓመት ልጅ ነብር ቢጨምርበት ምንም አይደለም። «ውሸታም» ብለሽ አትጥሪው፤ ስም ከተሰጠው ይኖርበታል። ሲያወራልሽ «ይሄ የሆነ ነው ወይስ ተረት?» ብለሽ ጠይቂው። ተረት ነው ካለሽ «በል ቀጥል» በይው፤ ዝሆን ይጨምርበት። የድሮ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። «ተረት ተረት» ሲሉሽ «የላም በረት» ብለሽ ነው የምትገቢው። በሩ ላይ ተነግሮሽ፣ ፈቅደሽ ነው። አጎቴ ያጠፋው አባ ጅፋርን በማስረዘሙ አይመስለኝም። «ተረት ተረት» ሳይል መጀመሩ ነው። ለአስተማሪዋ ደግሞ አንቺው ሄደሽ ንገሪያት፤ ልጁ አጠገብሽ ቆሞ ይስማ።

አንድ ነገር ልጨምር። በአማርኛችን «ነጭ ውሸት» ስንል ጭልጥ ያለውን፣ ዓይን ያወጣውን ነው። ሌሎች አገሮች ደግሞ ለሰው ልብ ተብላ የምትነገረውን ትንሿን ነው «ነጭ» የሚሏት። የትኛው ሕዝብ ውሸትን የበለጠ እንደሚያውቅ እንግዲህ ፍረጂ።

*

እትዬ፣ አባታችን 66 ዓመታቸው ነው። ለብዙ ዓመት አረቄ ይጠጣሉ። ከሁለት ወር ወዲህ ያልሆነ ነገር ያወራሉ። «ትናንት ሰርቦ ሄጄ በሬ ሸጥኩ» ይላሉ። ከቤት አልወጡም፤ በሬም የለንም። ስንት ሸጡት ስንላቸው ዋጋውን ይነግሩናል፤ ማታ ሌላ ዋጋ ይሆናል። ምሳ መብላታቸውን ይረሳሉ። ሳይጠጡም ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ። ወንድሜ «በስተርጅና ውሸት ጀመሩ» እያለ ይጮህባቸዋል። እንዴት እናስተዋቸው?

ሴት ልጃቸው፣ ከሄርማታ

*

ልጄ፣ ይሄ ውሸት አይደለም። ወንድምሽን ዛሬውኑ ዝም አስብዪልኝ።

አባትሽ ሊያታልሉሽ አልፈለጉም። «ትናንት ምን ሠሩ?» ተብለው ትናንትን ሲፈልጓት ቦታው ባዶ ሆኖ ያገኙታል። ያኔ አንጎላቸው ከድሮው ጎተራ አንድ በሬ አውጥቶ ያስቀምጥበታል። እሳቸው ያምኑታል። በሕክምናው ኮንፋቡሌሽን ይባላል። ሰርጌይ ኮርሳኮፍ የሚባል ሩሲያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ለረጅም ጊዜ በጠጡ ሰዎች ላይ እንደሚታይ ጽፏል። ዛሬ ከዋና ዋና መንስኤዎቹ አንዱ ቪታሚን ቢ1 እጥረት እንደሆነ ይታወቃል። ብዙ የሚጠጣ ሰው በደንብ አይበላም፤ የበላውንም ሰውነቱ በቅጡ አይወስደውም።

የአባትሽ ችግር ይሄ ነው ብዬ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። ሌላም ብዙ ነገር እንዲህ ያደርጋል። ግን መንገዳገዱና መርሳቱ አንድ ላይ ሲመጡ ነገ ከነገ ወዲያ የሚባልበት አይደለም። ሆስፒታል ውሰዷቸው። አረቄውን አትደብቁ፤ ስንት ዓመት፣ በቀን ስንት መለኪያ፣ በትክክል ተናገሩ። ቢ1 በመርፌ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ከዘገየ ግን የጠፋው ትዝታ ላይመለስ ይችላል። ዓይናቸው ከተንከራተተ ወይም በደንብ ከፈዘዙ በዚያው ሰዓት ባጃጅ ጥሩ።

ሌላው፣ ወንድምሽ ተናዶ አረቄውን በአንድ ቀን እንዳይደፋው። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው ድንገት ሲቋረጥበት ይንቀጠቀጣል፤ የሚጥልበትም አለ። ማቆሙ በሐኪም እጅ ይሁን።

በሬውን በተመለከተ አትከራከሯቸው። «ጎበዝ፣ ጥሩ ሸጡት» ብላችሁም አታሟሙቁት። «እስኪ ይረፉ፣ ምሳ ቀርቧል» በቂ ነው።

*

እትዬ፣ ሁሉም ስለ ውሸታም ይጽፍልዎታል። እኔ ውሸታሙ ነኝ። 27 ዓመቴ ነው። ኪቶ ፉርዲሳ ተከራይቼ እኖራለሁ፤ የምሠራው ሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ነው። ለእጮኛዬ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው ብያታለሁ። ሐምሌ እመረቃለሁ ብያለሁ። አልተመዘገብኩም። እሷ ለምረቃው ቀሚስ አሰፍታለች። እናቷ በግ እያደለቡ ነው። ስዋሽ አስቤ አይደለም፤ ከአፌ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሰውየውን እሆነዋለሁ። እንዴት ላቁም? ይህን ደብዳቤ ትናንት ማታ በአንድ ቁጭታ፣ አንድም ቃል ሳልሰርዝ ጻፍኩት።

ውሸታሙ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ

*

ወንድሜ፣ በጉ ሳይታረድ ንገራት። በዚህ ሳምንት።

ስትነግራት አጭር ይሁን። «ማስተርስ አልተማርኩም። ዋሽቼሻለሁ።» እዚህ ላይ ነጥብ አድርግ። ዝም ማለት ይከብድሃል፤ ምላስህ ምክንያት ሊያመጣልህ ይጣደፋል። የታመመች እናት፣ የተሰረቀ ሰርተፍኬት፣ የከለከለህ አለቃ። አንዱም እንዳይወጣ። የምትለውን እስክትል ጠብቅ። ልትሄድ ትችላለች። ቀሚሱንም ይዛ ትሄዳለች። ሐምሌ ላይ ብታውቀው ግን ከእናቷና ከእንግዳው ሁሉ ጋር ነው የምትሄደው።

ከዚያ ትናንሾቹ ላይ ሥራ። ያችን አንድ ደቂቃ በደንብ ነው የገለጽካት፤ አጎቴም ቢጽፍ እንዲህ የሚጽፍ ይመስለኛል። ከአፍህ ከወጣ በኋላ መመለስ ልመድ። «ቅድም ያልኩት ልክ አይደለም» በል፤ እዚያው፣ ቡናው ሳይነሳ። የመጀመሪያው ቀን ፊትህ ይቃጠላል። ሰዎቹ ግን የምታስበውን ያህል አይገርማቸውም፤ ግማሾቹ ያውቁ ነበር። ሽሮ በልተህ ከሆነ ሽሮ በላሁ በል። ቀላል ይመስላል አይደል? ሞክረውና ጻፍልኝ። ብቻህን ካቃተህ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ሂድና ለእኔ የነገርከኝን አንድ ዓረፍተ ነገር ለእሱ ድገምለት፤ «ከአፌ ይወጣል» የሚለውን።

ደብዳቤህን በአንድ ቁጭታ፣ አንድም ቃል ሳትሰርዝ እንደጻፍከው ነግረኸኛል። የመጀመሪያው ገጽ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፤ ሁለተኛው በጥቁር። «ሕንፃ መሣሪያ መደብር» ከሚለው ሥር «የራሴ» የሚል ቃል ተሰርዟል።

ከእሷ ጀምር።